የአባባ ተሰማ ፊት

ድሬዳዋ፣ መጋቢት 10 ቀን 1970 ዓ.ም.

ለእኅቴ ለበለጡ፤

ሰላምታው ይቆየን፣ መጀመሪያ ወቀሳሽን ልመልስ። አዎ፣ አባባ ከስተዋል። ማን እንደ ነገረሽ አልጠይቅም፤ ሃዎ ናት። በዚያች ሴት ሱቅ ውስጥ ስኳር ይጠፋል እንጂ ወሬ አይጠፋም። ግን አትስጊ፣ በሽታ አይደለም። ሁዳዴ ነው። ሁዳዴው ላይ ደግሞ እኔ ትንሽ አግዤበታለሁ። ይህን ደብዳቤ በፖስታ ሳይሆን በሾፌሩ በዓብዲ እጅ ስለምልከው እንደ ልቤ እጽፍልሻለሁ። ቡና ሊጭን ጅማ መምጣቱ ነው፤ መልስሽንም ለእሱ ስጪው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጠራኝ። ለወዛደሮች ቀን ሰልፍ ባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት የሚሰቀል ትልቅ ሥዕል ፈልገዋል። «ደም መጣጩን ሥርዓት አሳየን» አለኝ። ሌላ ሠዓሊ ቢሆን ሆዱ የተነፋ ባላባት ስሎ፣ ሲጋራ አስይዞ ይገላገል ነበር። ሰውም እያዛጋ ያልፈዋል። እኔ ግን ደም መጣጭ የሚለውን ቃል ስሰማ የዐያንሌ ፊልም ትዝ አለኝ።

ዐያንሌን አትረሽውም፣ ሲኒማ ቤቱ ውስጥ ፊልም የሚያጫውተው። የድሮው ባለቤት ጥሎት የሄደው አሮጌ ፊልም በቆርቆሮ በቆርቆሮ ሆኖ መጋዘን ውስጥ ተቆልሏል። ዛሬ እንዲህ ያለ ነገር ማሳየት ክልክል ነው። እኛ ግን ቅዳሜ ከሰዓት በሩን ከውስጥ ቆልፈን ለሁለታችን እናየዋለን። ጥቁርና ነጭ ነው፣ ዕድሜው አባባን ያክላል። ከመቃብሩ እየተነሣ የሰው ደም የሚጠጣ ጌታ አለበት። ደሙ ግን አንድም ቦታ አይታይም፣ በለጡ። መብራቱን ከአገጩ በታች ያደርጉታል፤ ዓይኑ ጉድጓድ ይሆናል፣ ጥላው ከራሱ ቀድሞ ግድግዳው ላይ ይወጣል። ጥበቡ ይኸው ነው። መጀመሪያ ያየሁት ቀን ዐያንሌ ቤቴ ድረስ ሸኝቶኛል።

የቀረኝ ፊት ነበር። አመሌን ታውቂያለሽ፣ ከሐሳቤ ፊት አይወጣልኝም። ለሲኒማ ቤቱ በሳልኩት ሸራ ሁሉ ላይ ያለው የድሬ ሰው ነው። ፀጉር አስተካካዩ በሺር ስንት ጊዜ ልዑል ሆኗል። ሸራው ሲሰቀል ሕዝቡ ከሥሩ ተሰብስቦ «ማነው? ማነው?» የሚባባለው፣ ቀድሞ ያወቀውም በነጻ የሚገባው ለዚህ አይደል? አንቺን የህንድ ሙሽራ ያደረግኩሽ ጊዜ ስንት ቀን ከቤት ሳትወጪ ቀረሽ።

እና አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ፣ አባባ ጥርሳቸውን አውልቀው ብርጭቆ ውስጥ ከጨመሩ በኋላ ፋኖስ ሊለኩሱ ጎንበስ አሉ። አየኋቸውና አለቀ። ለአንቺ ወላጅ፣ ለእኔ አሳዳጊ የሆኑት ሰው ፊት እንዲህ ያለ ሀብት ተሸክሞ ሲኖር እኔ አላየሁትም ነበር።

ደም መጣጭ ላድርግዎ ብዬ እንደማልጠይቃቸው የታወቀ ነው። «ለቤተ ክርስቲያን የአንድ ባሕታዊ ጻድቅ ሥዕል ልሠራ ነው፤ ፊትዎን ያውሱኝ» አልኳቸው። «እኔ ኃጢአተኛው?» ብለው ተቆጡኝ። ለካ በሆዳቸው ደስ ብሏቸዋል፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጾሙን አጠበቁት። የማታዋን እህልም ቆንጥረው ይተዉታል። «ጻድቅ ጠግቦ ይሳላል እንዴ?» ይሉኛል። ስለዚህ መክሳታቸው ለሥራው ነው፣ ከፋሲካ በኋላ ይመለሳሉ። በየቀኑ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ጥርሳቸውን አውልቀው፣ ፋኖሱን እግራቸው ሥር አድርገው ይቀመጡልኛል። ዳዊት ስለሚደግሙ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ያስቸገረኝ እሱ ብቻ ነው።

አባባ ይስሙሻል፤ ጥርሳቸውን ካደረጉ በኋላ።

ወንድምሽ ሣህሉ

ጅማ፣ መጋቢት 27 ቀን 1970 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሣህሉ፤

ዓብዲ ሆስፒታል ድረስ መጥቶ ደብዳቤህን ሰጠኝ፣ እሱም አንተም ጤና ይስጣችሁ። እኔ ደህና ነኝ። እንዳልዋሽህ፣ አንዳንድ ቦታ ስቄያለሁ። የአባባ «ጻድቅ ጠግቦ ይሳላል እንዴ» ድምፃቸው ተሰማኝ። ሥራ ገብቼ በሽተኛ ሳገላብጥ ግን ሳቁ ለቀቀኝ።

ጻድቅ ነዎት ብለህ አስቀምጠህ ደም ጠጪ ታደርጋቸዋለህ? ይህን የት ተማርከው? ሰው እኮ ናቸው። እየራባቸው የተቀመጡልህ ለእግዚአብሔር መስሏቸው ነው።

ይህንንም ልተወው፣ አንተ ሥዕል ከያዝክ ኃጢአት እንደማይታይህ ድሮም አውቃለሁ። ሊቀመንበሩን ግን እንዴት ረሳኸው? አባባ ባቡር ላይ ቲኬት ተቆጣጣሪ ሳሉ ያለ ቲኬት ተሳፍሮ ኤረር ጣቢያ ላይ ያወረዱት፣ በዚያ ሐሩር በእግሩ የተመለሰው ልጅ እኮ ነው። ዛሬ ሽጉጥ ታጥቋል። አባባ ያንን ቀን ረስተውታል፤ እሱ ግን አልረሳውም። አባባ ሰላም ሲሉት የሚመልሰው ቀና ብሎ አይደለም።

የድሬን ሕዝብ ደግሞ ያስለመድከው አንተው ነህ። ሌላ አገር ሰው ሥዕል ሲያይ «ሲያምር» ይላል ወይ «ሲያስጠላ» ይላል። የእኛ ሰው «ማነው?» ነው የሚለው። ያንን ሸራ ስትሰቅለው ከሥሩ ቆሞ ዝም የሚል ይመስልሃል?

ወንድሜ፣ ሥዕሉን ተው አልልህም፣ እንደማትተወው አውቃለሁ። ፊቱን ግን ለውጠው። ጢም ጨምርበት፣ አፍንጫውን አጉብጠው፣ ግንባሩን አጥብበው። አባባን የማይመስል ከሆነ የፈለግከውን አድርገው። በሰልፉ ቀንም ከቤት እንዳይወጡ። እነዚህን ሁለት ነገሮች ብቻ ነው የምለምንህ።

እንዲበሉም ንገራቸው። ጻድቁ ዶሮ ይወዳል በላቸው።

እኅትህ በለጠች

ድሬዳዋ፣ ሚያዝያ 13 ቀን 1970 ዓ.ም.

ለእኅቴ ለበለጡ፤

ጢሙን ሞከርኩት። እውነቴን ነው። የፍየል ነጋዴ መሰሉ፣ ፋቅሁት። አፍንጫውን ትንሽ ባጎብጠው ጉንጩ ላይ የወደቀው ጥላ በሙሉ ተበላሸ፤ እሱንም መለስኩት። አንቺ የሰው ፊት እንደ ጉልቻ የሚለዋወጥ ይመስልሻል። ያ ፊት እንዳለ ነው የሚያስፈራው፣ በለጡ። ከነካሁት ተራ ሽማግሌ ይሆናል።

ልንገርሽ፣ እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቴ ሠርቼ አላውቅም። ከእኔ ሁለት እጥፍ ቁመት ያለው አቡጀዲ ነው። ጥቁሩን ከባቡር ጋራዥ ባመጣሁት ጥላሸትና በሙጫ ውሃ በጠበጥኩት፤ የገበያ ቀለም እንዲህ አይጠቁርም። ደም አላደረግኩበትም። ጥርስ ብቻ ሁለት ጨመርኩ፣ ረዘም ረዘም ያሉ፣ ባዶው ድድ ላይ። ከኋላው ጥላው ግድግዳውን ሞልቶታል፤ ጥላው ደግሞ እጁን ወደ ከተማው ዘርግቷል። ስጨርስ ራሴ ጀርባዬን ሰጥቼው መቀመጥ አቃተኝ።

ዐያንሌን ጠርቼ አሳየሁት። «አቦ ሣህሉ፣ ይሄን አትስቀል» አለኝ። «ፊልሙ ውስጥ ያለው ሰውዬ ሥራው ነው፣ ሲያልቅ ቤቱ ይሄዳል። ይሄኛው የት ይሄዳል?» ቀንቶብኝ ነው። እኔም ቅናቱን ወደድኩለት።

ያውቋቸዋል ነው የምትይው? በዚያ ጥርስ፣ በዚያ ጥላ? አቦ ተይኝ እስቲ። ለማንኛውም ሰልፉ የፋሲካ ማግስት ነው የሚውለው። አባባ ዶሮአቸውን በልተው ይተኛሉ፣ እኔም በሩን ዘግቼባቸው እወጣለሁ። ሥዕሉን አሳየኝ ብለው አላስቀምጥ ብለውኛል። «ከተባረከ በኋላ ያዩታል» ብያቸዋለሁ።

በርቺ፣ አትቆጪ። አንድ ቀን የዚህ ሠዓሊ እኅት ነኝ ትያለሽ።

ሣህሉ

ድሬዳዋ፣ ሚያዝያ 29 ቀን 1970 ዓ.ም.

ለጓድ በለጠች ተሰማ፤

አብዮታዊ ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። ዓብዲ መንገድ ላይ ስለሆነ ይህን በፖስታ ልኬዋለሁ። የወዛደሮች ቀን በከተማችን በደማቅ ሁኔታ ተከብሮ ውሏል። ያዘጋጀሁት ሥዕልም ከፍተኛ አድናቆት አትርፎ፣ ከመድረክ ላይ ስሜ ተጠርቶ የምስጋና ወረቀት ተሰጥቶኛል።

ፋሲካን በደህና ውለናል። ዶሮ ተሠርቶ ነበር። አባባ በልተዋል።

አባባ ጤናቸው ደህና ነው። ለጊዜው ቤት አይገኙም። ቀበሌ ሊጠይቃቸው የፈለገው ጥቃቅን ጉዳይ ስላለ ነው፣ ሲጣራ ይመለሳሉ። ስለዚህ ለእሳቸው የምትልኪውን ሁሉ በእኔ ስም አድርጊው። በዚህ ጉዳይ ወዲያና ወዲህ መጻፍ አያስፈልግም።

ስለ ጠየቅሽኝ ነገር፣ ጊዜው አልበቃኝም።

ሣህሉ

ጅማ፣ ግንቦት 17 ቀን 1970 ዓ.ም.

ሣህሉ፤

ዓብዲ አጠገቤ ተቀምጦ እየጠበቀኝ ነው የምጽፈው። ጥቃቅኑን ጉዳይ ነግሮኛል። ሃዎ እያለቀሰች ቃል በቃል አስጠንታ ልካዋለች። «አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም፣ ይቅር በይኝ በላት» ብላዋለች።

ሸራው ሲገለጥ ሰዉ መጀመሪያ ወደ ኋላ ሸሸ አሉ። ሕፃናት አለቀሱ። ደስ ይበልህ፣ አስፈርተሃል። ቀጥሎ አንድ ሰው «ማነው?» አለ። አላልኩህም? ቀጥሎ ሁሉም «ማነው? ማነው?» አለ። ሃዎም እንደ ለመደችው፣ በነጻ የምትገባ መስሏት፣ «ወላሂ ተሰማ ነው! ጥርስ አብቅሎ!» ብላ ጮኸች። ያ ሁሉ ሰልፈኛ በሳቅ ፈነዳ። የአባባን ድድ የማያውቅ የድሬ ሰው የለማ።

አባባ ደግሞ እዚያው ነበሩ። በሩን ዘግቼባቸው እወጣለሁ አላልክም? ያልተሰለፈ ጡረተኛ ስኳርና ዘይት አያገኝም ተብሎ ሲታወጅ አንተ ቤት አልነበርክም፣ ቀለምህን ስታደርቅ ነበር። የሰዉን ሳቅ ተከትለው ቀና አሉና አዩት። «ይሄ እኮ የቤተ ክርስቲያን ነው፣ እዚህ ማን ሰቀለው?» አሉ። አጠገባቸው የነበረው ሁሉ እንደ ገና ሳቀ። ይህን ዓብዲ ሲነግረኝ ዓይኔን አላየኝም።

ከዚያ ሊቀመንበሩ ድምፅ ማጉያውን ያዘ። ጓድ ሣህሉ የተደበቀውን ደም መጣጭ በቡሩሹ አጋልጦልናል አለ። በንጉሡ ጊዜ ድሃን ከባቡር እያወረደ በረሃ ላይ የጣለ ነው አለ። ከሰልፉ መሐል አውጥተው ወሰዷቸው። አንተ መድረኩ ላይ ነበርክ። አጨበጨብክ።

ይህን ያልነገርከኝ ፖስታ ይከፈታል ብለህ ነው እንበል። አሁን ግን ስማኝ። አንድ ወረቀት ጻፍ። «ፊቱ የማንም አይደለም፣ ካየሁት አሮጌ የውጭ ፊልም የቀዳሁት ነው» በል። ሌላ ምንም አትጨምር። ያኔ ሥዕሉ የአባባ መሆኑ ይቀራል፤ ያጋለጥከውም ሰው የለም ማለት ነው። አንተን ቢገስጹህ፣ ቢያስሩህም ወጣት ነህ፣ ትወጣለህ። እሳቸው እዚያ ቤት ውስጥ አይከርሙም።

እናትህ የሞተችብህ ጊዜ ባቡር ጣቢያ ጆንያ ላይ ተኝተህ ያገኙህ እሳቸው ናቸው። «ከዛሬ ጀምሮ ወንድምሽ ነው» ብለው የሰጡኝ እሳቸው ናቸው። ያጎረሰ እጁን ተነከሰ ሲባል እሰማ ነበር እንጂ በቤታችን ይደርሳል አላልኩም። እኔ ልመጣ የይለፍ ወረቀት ጠይቄ ከልክለውኛል። ያለኸው አንተ ብቻ ነህ።

ሹራብ ልኬላቸዋለሁ። የሲሚንቶ ወለል ላይ ነው የሚያድሩት አሉ።

በለጠች

ድሬዳዋ፣ ሰኔ 6 ቀን 1970 ዓ.ም.

ለእኅቴ ለበለጡ፤

ስድቡን ተቀብያለሁ። መብትሽ ነው። ያጨበጨብኩት ግን ሁሉም ስላጨበጨበ ነው፤ እጁን አጣጥፎ የቆመ ሰው ቢያዩ ኖሮ ዛሬ የምትጽፊለትም አይኖርሽም ነበር።

ወረቀቱን ጻፍ ትይኛለሽ። ከጅማ ሆኖ ሲታይ ቀላል ነው። ከኢምፔሪያሊስት ፊልም ቀዳሁ ብዬ በእጄ ስፈርም ምን እንደሚከተል አስበሽዋል? መጋዘኑ ይፈተሻል። ዐያንሌ ይያዛል። ሶማሌ ነው፣ ጦርነቱ ገና ትናንት ነው ያለቀው፣ ማን ይምረዋል? የዐያንሌን ልጆች አባት አሳጥቼ አንቺን አባት ልስጥሽ? ይህ በሕሊናዬ የሚገባ አይደለም።

ሌላም ነገር አለ፣ ጊዜው ሲደርስ ልነግርሽ ብዬ ነበር። የሥዕሉ ፎቶግራፍ አዲስ አበባ ደርሷል። ከመስከረም ጀምሮ ምሥራቅ ጀርመን ለትምህርት ከሚላኩት ውስጥ ስሜ ገብቷል። አስቢው፣ በለጡ፤ አቡጀዲ ላይ በጥላሸት ስስል የኖርኩ ሰው። እኔ አንድ ጊዜ ከሄድኩ ቃሌ ይሰማል። ያኔ አባባን በአንድ ደብዳቤ አስወጣቸዋለሁ። አሁን ብቸኩል ሁለታችንም እንጠፋለን። ትዕግሥት ነው የሚያስፈልገው።

አባባ ደህና ናቸው። ምግብ አደርስላቸዋለሁ። ትናንት ሽሮ ወስጄላቸው ጠርገው በሉት። ሹራቡንም ለበሱት፣ ልክ ነው፣ እጅጌው ብቻ ረዘመባቸው። በለጡ ሥራዋን ጥላ እንዳትመጣ በላት ብለዋል። እኔን አልተቀየሙኝም። «አስደነገጥከኝ እንጂ እጅህስ መልካም ነው» ብለው ሳቁ። እሳቸው የማሩኝን አንቺ አትማሪኝም?

ወንድምሽ ሣህሉ

ጅማ፣ ሰኔ 22 ቀን 1970 ዓ.ም.

ወንድሜ ሣህሉ፤

ዐያንሌ ከነልጆቹ ፋሲካ ሳይደርስ ጅቡቲ ተሻግሯል። ዓብዲ ነገረኝ። አዲሱን አድራሻውን ሁሉ ያውቃል። እና ማንን ነው የምታድነው?

ልሰድብህ ብዬ አልነበረም የጀመርኩት። ይህን ደብዳቤ ሦስቴ ቀድጄ ነው የጻፍኩት፣ ሁሉም በስድብ እየጀመረብኝ። ከዚህ በኋላ አልሰድብህም። እግርህ ሥር ወድቄ ነው የምለምንህ። ሥዕሉ ጥሩ ነው፣ እሺ። ትልቅ ሠዓሊ ነህ፣ እሺ። ጀርመንም ሂድ፣ ደስ ይለኛል፣ ስንቅ እኔ እቋጥርልሃለሁ። ግን አባባ ወጥተው በጓሮ በር ሲገቡ አይተህ ሂድ። ከጀርመን ሆኜ አስወጣቸዋለሁ የምትለኝ ላም አለኝ በሰማይ ነው፤ አንተም ታውቀዋለህ።

ሽሮውን ጠርገው በሉ ያልከኝን አሥር ጊዜ አንብቤዋለሁ። ከእሱ በቀር የሚያጽናናኝ የለም። ግን ጥርሳቸውን አድርሰህላቸዋል? እንጀራውን እንዴት ያኝኩታል? ካላደረስክ አድርስላቸው፤ መደርደሪያው ላይ ነው የሚያስቀምጡት።

አንድ ነገር ደግሞ እወቅ፣ ማስፈራራት አይደለም። እስከ ሰኔ መጨረሻ ካልጻፍክ ሐምሌ አንድ ቀን ለእናንተ ክፍለ ሀገር ኮሚቴ እኔው እጽፋለሁ። ፊቱ ከፊልም የተቀዳ መሆኑን፣ ፊልሙ የት እንደተቀመጠ፣ አንተ ለእኔ የጻፍክልኝን ሁሉ። አንተን መጉዳቴ ነው፣ አውቃለሁ። ወንድሜን ከአባቴ መምረጥ አቅቶኝ ወር ሙሉ እንቅልፍ አልወሰደኝም። እባክህ እኔን አታስመርጠኝ፤ አንተው ጻፈው።

እኅትህ በለጡ

ድሬዳዋ፣ ሐምሌ 12 ቀን 1970 ዓ.ም.

ለእኅቴ ለበለጡ፤

ዓብዲ መኪናው ተበላሽቶበት ደብዳቤሽ የደረሰኝ ገና ትናንት ነው። ካልጻፍሽ አትጻፊ። ጽፈሽ ከሆነም ተሳስቼ ነው ብለሽ ጻፊላቸው። ለራሴ ፈርቼ እንዳይመስልሽ፤ ጥቅም ስለሌለው ነው።

አባባ የሉም። ከግንቦት ልደታ በኋላ በዚያው ሳምንት ከሌሎች ጋር በመኪና ተወሰዱ። የት እንደ ተወሰዱ የድሬ ሰው ሁሉ ያውቃል፣ አፉን የሚከፍት የለም። ሬሳ አይሰጥም፣ ልቅሶ መቀመጥም አይፈቀድም። ሃዎ በሯን ዘግታ ስታለቅስ ተሰምታ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷታል። እኔም ለዓብዲ እንዳትነግረው አጥብቄ ነገርኳት፤ ከሌላ ሰው እንዳትሰሚው ብዬ ነው።

ስለዚህ አንቺ ወረቀት ጻፍ ብለሽ የጠየቅሽኝ ጊዜ ነገሩ አልቆ ነበር። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ሽሮውንና የተናገሩትን ነገር እኔ ነኝ የጻፍኩት፣ እንድትጽናኚ። ተጽናንቼበታለሁ ብለሽ ስትጽፊ ደግሞ እንዴት ልንገርሽ? ሹራቡን አልጣልኩትም። ጀርመን ብርዱ ከባድ ነው ስላሉኝ ለራሴ አስቀምጬዋለሁ፤ ከሚበሰብስ እሱ ይሻላል።

እንግዲህ ያለቀውን ትተን ስለ ቀረው እንነጋገር። ያን ሸራ ሰሞኑን የጣለው ዝናብ አበላሸው፣ ጥላሸቱ ሟሞ ፊቱ በሙሉ ወረደ። ኮሚቴው ለአብዮት በዓል ሌላ አዟል፣ ከፊተኛው የሚበልጥ። ወደ ጀርመን የሚሸኙኝም በእሱ ነው። ስንት ጊዜ ጀመርኩት መሰለሽ። ከትዝታ አልመጣ አለኝ። ዓይናቸውን ሳስብ የሚመጣብኝ ሌላ ዓይን ነው፣ የሚስቁበት። ለሥዕል የሚሆን አይደለም።

ለጡረታ መታወቂያ የተነሡት ፎቶግራፍ አንቺ ዘንድ አለ። ጉንጫቸው ያኔም ገባ ያለ ነበር፣ ብርሃኑም ጥሩ ነው። ቶሎ ላኪልኝ፣ ስጨርስ እመልስልሻለሁ። ለእሳቸውም ቢሆን መታሰቢያ ነው፤ ሌላ ሐውልት የላቸውም።

ሣህሉ

ጅማ፣ ነሐሴ 2 ቀን 1970 ዓ.ም.

ለጓድ ሣህሉ፤

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። አንተ እያልኩ የምጠራው ቤተሰቤን ነው፣ ስለዚህ እርስዎ ብዬዎታለሁ። በፖስታም የላክሁት ሆን ብዬ ነው፤ ማንም ከፍቶ ቢያነበው ግድ የለኝም።

እዚህም ጥቁር መልበስ ያስጠይቃል። አባቴን ያለቀስኩት ነጩን የሥራ ልብስ ለብሼ፣ የሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ነው፤ ማሽኑ ስለሚጮኽ ሰው አይሰማም። የምወዳቸው አባቴ በእርስዎ እጅ ተሳቀባቸው፣ በእርስዎ ጭብጨባ ሞቱ። እኔ ደግሞ ሁለት ወር ሙሉ ለሞተ ሰው ጥርስ አድርስ እያልኩ ስለምን ኖርኩ። ይህን ሳስብ እፍረቱ ከሐዘኑ ይብስብኛል።

ፎቶግራፉ እኔ ዘንድ አለ። እኔው ዘንድ ይቆያል።

ለኮሚቴው ሐምሌ አንድ ቀን ጽፌ ነበር። አባቴ በሕይወት ያሉ መስሎኝ ነው የጻፍኩት። መልሳቸው ከእርስዎ ደብዳቤ ቀድሞ ደረሰኝ። ያልኩት እውነት ከሆነ ፈርሜ እንዳረጋግጥ፣ ተሳስቼም ከሆነ ያንኑ እንድገልጽ ነው የጠየቁኝ። እውነት ነው ብዬ ልፈርም፣ ከሥሩ ደግሞ ለእርስዎ ምሕረት ልለምን ጀምሬ ነበር። «ልጅ ነው፣ ወላጅ የለውም፣ አባቴ ነው ያሳደገው፣ ፊልሙ አታልሎት ነው» የሚል ረጅም ልመና ነበር። ጨርሼ ጠረጴዛዬ ላይ እንዳኖርኩት ዓብዲ የእርስዎን ይዞ መጣ።

ካነበብኩ በኋላ ተሳስቻለሁ ብዬ ብጽፍ የሚቀርብኝ ነገር እንደሌለ አሰብኩ። አባቴ አይመለሱም፣ እርስዎ ግን ይድናሉ። የጠየቁኝም ይህንኑ ነው። አንድ ቀን ሙሉ አሰብኩበት።

ልመናውን ቀደድኩት። አዲስ ወረቀት ላይ «እውነት ነው፤ ፊልሙ ሲኒማ ቤቱ መጋዘን ውስጥ ነው፤ ያጫወተው ሰው ከአገር ወጥቷል፤ የሣለው ግን እዚያው ድሬዳዋ አለ፣ መስከረም ሳይጠባ ድረሱበት» ብዬ ፈረምኩ።

የኮሚቴውንና የእርስዎን ደብዳቤ ዛሬ ጠዋት አንድ ላይ ይዤ ፖስታ ቤት መጣሁ፤ ይህቺን የመጨረሻዋን መስመር የምጽፈው መስኮቱ ላይ ቆሜ ነው። የቱ ቀድሞ እንደሚደርስ ሠራተኛውን ጠየቅሁት። ሁለቱም እኩል በአንድ ቀን ነው የሚደርሱት አለኝ።

በለጠች ተሰማ